ጥቁር መኪና ላይ የሚወጣው ጉም ነገር
ባህር ዳር ጥቁር መኪና የያዘ ያውቀዋል፣ ከተማው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ኮፈንና ጣሪያ ላይ ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ይወጣል። ወዲያው ቀለም ቤት አትሂዱ እባካችሁ! መጀመሪያ አጥባችሁ ጥላ ስር ቦታውን በውሃ አርጥቡት፣ ጉሙ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ችግሩ ላይኛው ክሊር (ቀለሙ ላይ ያለው መስታወት የመሰለ ሽፋን) ላይ ነው፣ በፖሊሽ የመዳን ተስፋ አለው። ትንሽ ቦታ ላይ በደቃቅ ፖሊሽና ለስላሳ ስፖንጅ ሞክሩ፣ ካልበቃ ነው ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ የበለጠ የሚፍቀው)፣ ክሊሩ እኮ ከፀጉር የሳሳ ነው፣ አንዴ ፈግፍገው ከጨረሱት አይመለስም። መላጥ ከጀመረ ግን ፖሊሽ ምንም አያደርግለትም፣ እንደ አዲስ መቀባት ነው። ደሞ ጣና ዳር አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይቅር በቃ፣ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ሳሙናና ዘይቱም ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው።