የሌሊት ወፍ ጣት አላት

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በረንዳችን ላይ አንዲት የሌሊት ወፍ ሞታ አገኘናት። መጀመሪያ ያየቻት የእህቴ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ አመቷ ነው፣ "አጎቴ ና ቶሎ፣ ወፍ ሞታለች" እያለች እየሮጠች መጣች። የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ መንካት ጥሩ አይደለም፣ በሽታ ሊኖርባት ይችላል፣ ስለዚ ወፍራም ጓንት አደረኩና ወረቀት ላይ አጋድሜ ክንፏን በቀስታ ዘረጋሁት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች አየችና "ጣት አላት እኮ!" አለች።

አላት። አጭር አውራ ጣት ጫፉ ላይ ጥፍር ይዞ ከላይ ብቅ ብሏል፣ ሌሎቹ አራቱ ጣቶች ደግሞ እንደ ክር ተመዝዘው እስከ ክንፉ ዳር ድረስ ይሄዳሉ፣ በመሃላቸው እንደ ዣንጥላ ጨርቅ የተወጠረ ስስ ቆዳ አለ። ላባ የሚባል ነገር የለም። ጸጉር አለ፣ ጆሮ አለ፣ ጥርስ አለ። የወፍ ክንፍ ሌላ ነገር ነው፣ ወፍ ላይ ጣቶቹ አንሰውና ተጣብቀው ቀርተዋል፣ አየሩን የሚገፋው ላባው ነው። ይቺኛዋ ግን በእጇ ነው የምትበረው። ልጇን ትወልዳለች፣ ጡት ታጠባለች፣ በቃ እንደኛው አጥቢ ናት። እንደውም እስካሁን ከሚታወቁት የአጥቢ ዝርያዎች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሌሊት ወፍ ነው፣ ከ1,400 በላይ ዝርያ አላቸው።

"ታዲያ ለምን ወፍ አሏት?" አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይሄ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ስም ያወጡላት ሰዎች ያዩትን ነው የተናገሩት፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ ትበራለች፣ የሌሊት ወፍ። እንደ ስም ቆንጆ ነው። ችግር የሚመጣው ስሙን የዝምድና ማስረጃ ስናደርገው ነው። ብዙ ሰው ሳይንቲስቶች እንስሳትን የሚመድቡት በመልክ ወይም በሚኖሩበት ቦታ ወይም በሚበሉት ነገር ይመስለዋል፣ የሚበር እዚህ የሚዋኝ እዚያ ምናምን። እንደዛ አይደለም። ዋናው ጥያቄ "ማን ከማን ተወለደ" የሚለው ነው። የሰው ዝምድናም እኮ እንዲሁ ነው፣ መንገድ ላይ ቁርጥ እናንተን የሚመስል ሰው ብታገኙ ዘመዳችሁ አይሆንም፣ የአክስታችሁ ልጅ ግን በመልክም በጸባይም ባይመስላችሁ ዘመድነቱን የሚፍቀው ነገር የለም።

ትልልቅ ሰዎችም ተምታቶባቸዋል። የእንስሳትን አመዳደብ መልክ ያስያዘው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያሳተመው የመጀመሪያ ስራው ላይ አሳ ነባሪን ከአሳዎች ጋር ነበር ያስቀመጠው፣ በ1758ቱ አስረኛ እትም ነው አስተካክሎ ወደ አጥቢዎች ያዞረው። በዛው እትም ላይ ግን የሌሊት ወፍን ከሰውና ከጦጣ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከተታት! ጡቶቿ ደረቷ ላይ መሆናቸውንና ጥርሷን አይቶ ነው። ከዛ በኋላ 60 አመት አልፎ በ1818 ኒውዮርክ ላይ አሳ ነባሪ አሳ ነው አይደለም የሚል ክርክር ፍርድ ቤት ቀረበ። ህጉ የአሳ ዘይት ይመርመር ክፍያም ይከፈልበት ይላል፣ ነጋዴው ደግሞ የኔ የአሳ ነባሪ ዘይት ነው አሳ አይደለም ብሎ አልከፍልም አለ። ሳሙኤል ሚቸል የሚባል የታወቀ የተፈጥሮ ሊቅ ቀርቦ አሳ ነባሪ አሳ እንዳልሆነ አስረዳ፣ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ግን አሳ ነው ብለው ወሰኑ።

አሳ ነባሪን ከአሳ ለመለየት ጭራውን ማየት ይበቃል። አሳ ጭራውን ግራና ቀኝ ነው የሚያወዛውዘው፣ አሳ ነባሪ ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ምክንያቱም ቅድመ አያቶቹ በአራት እግር የሚሮጡ አጥቢዎች ነበሩ፣ የሚሮጥ አጥቢ ጀርባው ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚተጣጠፈው። በ2001 ከፓኪስታን የተገኙ እግር ያላቸው ጥንታዊ አሳ ነባሪዎች ቅሪተ አካል ይፋ ሲደረግ ትልቁ ዜና የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ነበር፣ ሁለቱም ጫፉ እንደ ክር ማጠንጠኛ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው፣ እንደዚ አይነት አጥንት ያላቸው እነ ላም፣ በግ፣ አሳማና ጉማሬ ናቸው። ዲኤንኤውም (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር መረጃ) ከዛ በፊት ወደዚሁ ሲያመለክት ነበር። ዛሬ በህይወት ካሉት ሁሉ ለአሳ ነባሪ በጣም የሚቀርበው ዘመድ ጉማሬ ነው። አጥንቱ አንድ ነገር ተናግሮ ደሙም ከሌላ መንገድ መጥቶ ያንኑ ሲመሰክር እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ጅብም አለላችሁ። ውሻ የማይመስለው ማነው? ግን ጅብ ከውሻ ወገን አይደለም፣ እነ ድመትና ጥርኝ ካሉበት ቅርንጫፍ ነው። እያሯሯጡ ማደንና አጥንት መስበር መልኩን ወደ ውሻ አመጣው እንጂ የራስ ቅሉም ዲኤንኤውም ድመቶች በኩል ነው የሚመድበው። ዛሬ ያሉት የጅብ ቤተሰቦች አራት ዝርያ ብቻ ናቸው፣ ከአራቱ አንዱ ደግሞ አጥንት መስበር ቀርቶ ኑሮው ምስጥ እየላሰ ነው። እግረ መንገዴን፣ የነዚህ ሁሉ ትልቁ ክፍል "ሥጋ በሎች" ስለሚባል ሥጋ የሚበላ ሁሉ እዛ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ግን ቀርከሃ የሚበላው ፓንዳ ድብ ስለሆነ ሥጋ በሎች ውስጥ ነው፣ አዞ ደግሞ የለበትም። የቤተሰብ ስም ነው እንጂ የምግብ ዝርዝር አይደለም።

ምስጥን ካነሳን አይቀር፣ እኔን በጣም ያስደነቀኝ እሱ ነው። ብዙዎቻችን ምስጥ ነጭ ጉንዳን ይመስለናል፣ ንግስት አለችው፣ ሰራተኛና ወታደር አለው፣ በሺህ ሆኖ ይኖራል። አንድ ምስጥና አንድ ጉንዳን ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር (ወይም በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ) እዩዋቸው እስቲ። ጉንዳኗ ወገቧ ክር ነው፣ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል። ምስጡ ወገብ የለውም፣ ከደረቱ እስከ ሆዱ ወጥ ነው፣ አንቴናው ደግሞ ትናንሽ ዶቃ የተሰካበት ቀጥ ያለ ክር ይመስላል። አስተዳደጋቸውም አይገናኝም፣ የጉንዳን ልጅ እግር የሌላት ትል ሆና ነው የምትፈለፈለው፣ የምስጥ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ትንሽዬ ምስጥ ነው። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ናት። ምስጥ ደግሞ በረሮ ነው! የበረሮ ዘመድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2007 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ምስጥን እዛው በረሮዎቹ መሃል ነው ያስቀመጠው። በጣም የሚቀርቡት እንጨት በል በረሮዎች በቤተሰብ ነው የሚኖሩት፣ እንጨቱን የሚያብላሉላቸው ጥቃቅን ህዋሳት አንጀታቸው ውስጥ አሉ፣ እነዛን ህዋሳት ደግሞ ወላጆች ለልጆች ያስተላልፋሉ። ልጅ ያለወላጅ እንጨት መፍጨት አይችልም ማለት ነው፣ የምስጥ ትልቅ ማህበር ከየት እንደጀመረ ፍንጩ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

የኛ ቋንቋም ትንሽ ያሳስታል። "እንስሳትና አእዋፍ" ስንል ወፍ እንስሳ ያልሆነች ያስመስላል፣ ነፍሳትንም እንስሳ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ወፍም፣ ቢራቢሮም፣ የምድር ትልም፣ ባህር ውስጥ ድንጋይ የሚመስለው ኮራልም እንስሳ ናቸው፣ ሰውም ጭምር። ሸረሪት ደግሞ ነፍሳት ውስጥ አትገባም፣ ስምንት እግር አላት፣ ዝምድናዋም ከጊንጥና ከመዥገር ጋር ነው። "ዝርያ" የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ስራ ይሰራል፣ አንበሳና ነብር የተለያየ ዝርያ ናቸው እንላለን፣ የውሻ ዝርያዎችም እንላለን፣ ግን በአለም ላይ ያለ የቤት ውሻ ሁሉ ትልቁም ትንሹም በሳይንሱ አንድ ዝርያ ነው።

አዞን ከእንሽላሊት ጋር ነው የምናስበው፣ ቅርፊት አለው፣ ይሳባል። በዘር ግን አዞ ለእንሽላሊት ከሚቀርበው ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ወፎች ከዳይኖሰር ነው የመጡት፣ ዳይኖሰርና አዞ ደግሞ ከአንድ ግንድ። የአዞ ልብ እንደ ወፍ አራት ክፍል አለው፣ ልጆቿ ገና እንቁላል ውስጥ እያሉ ይጮሃሉ፣ እናትየው ድምጻቸውን ሰምታ ጎጆውን ትቆፍርና በአፏ ይዛ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ስለዚ "ተሳቢ" የሚለውን ቤተሰብ ሙሉ እናድርገው ካልን ወፎችንም ማስገባት አለብን። "አሳ" የሚለውማ የባሰ ነው፣ በሳንባም የሚተነፍስ አሳ አለ፣ ያ አሳ ሳልሞን ከሚባለው አሳ ይልቅ ለኛ ይቀርባል።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ እንስሳትን መሰላል ላይ መደርደሩ ነው፣ ከታች ትል፣ ከላይ ሰው፣ በመሃል "ኋላ ቀር" እና "ያደገ" የሚባል። ቺምፓንዚ የሰው አያት አይደለም፣ የአጎት ልጅ ነው በሉት። የኛም የሱም የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት ነው፣ ከዛ ወዲህ እሱም እኛም እኩል ዘመን ተጉዘናል፣ ቆሞ የጠበቀን የለም። ልጆች መማሪያ ላይ ያ ጎንበስ ካለ ጦጣ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀጥ እያለ የሚሄድ የሰልፍ ስእል ሲያጋጥማቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ የዛፍ ቅርንጫፍ ሳሉላቸው፣ እባካችሁ።

ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የአፍሪካን ዝሆን እዩ። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ተብሎ ነበር የሚቆጠረው፣ ዲኤንኤው ግን የሳቫናው (የሣር ሜዳው) እና የጫካው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች እንደሆኑ አሳየ። በ2021 አለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻ ሲመዝናቸው የጫካው ዝሆን በ31 አመት ውስጥ ከ86 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ፣ እጅግ አስጊ ከሚባለው ደረጃ ውስጥም ገባ። አንድ ላይ ሲቆጠሩ በነበረ ጊዜ የሱ መከራ የሌላኛው ቁጥር ስር ተሸፍኖ ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ አመዳደብ የስም ጨዋታ ነው የሚል ክርክር መስማት አቃተኝ።

ትናንት ደግሞ የእህቴ ልጅ የሽኮኮ ፎቶ ይዛ መጣች፣ "ይቺስ? አይጥ ናት አይደል?" አለችኝ። እግሯን እዪ አልኳት። አጎላችው፣ የአይጥ ሹል ጥፍር የለም፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ሰኮና የሚመስል ጠፍጣፋ ጥፍር ነው ያለው። ከዛ አፏን የከፈተችበት ሌላ ፎቶ አወጣሁላት፣ ከላይ ሁለት ሹል ጥርሶች እድሜ ልካቸውን የሚያድጉ፣ የዝሆን ጥርስም የሚበቅለው እነሱ ቦታ ላይ ነው። እርግዝናዋም ያቺን ለምታህል ትንሽ እንስሳ ወደ 7 ወር ተኩል ይቆያል። በህይወት ካሉት እንስሳት ቅርብ ዘመዶቿ ዝሆንና የባህር ላም (ውሃ ውስጥ የሚኖር ትልቅ አጥቢ) ናቸው አልኳት። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ፎቶውን ደግማ ደግማ እያጎላች "ዝሆን?" አለች፣ ቀጥላም የዝሆን እግር ፎቶ ፈልግልኝ አለችኝ።