የውሃ ቀለም ማህበር የዐውደ ርዕይ ደንብ ሳረቅቅ የተማርኩት

ለአንድ የክልል የውሃ ቀለም ሠዓሊያን ማህበር ደንብ ሳረቅቅ የዓላማው አንቀጽ መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ሞላ። «ጥበብን ማስፋፋት» የማይል ማህበር የለምና ሰረዝኩት። ይህኛውን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?

መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ። በ1804 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የውሃ ቀለም ሠዓሊያን የራሳቸውን ማህበር ያቋቋሙት በሮያል አካዳሚ (የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ተቋም) ግድግዳ ላይ ከዘይት ቀለም ሥዕሎች ጎን ሲሰቀሉ ሥራቸው እየተዋጠ ስላስቸገራቸው ነው። በ1805 ለብቻቸው አሳዩ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ዘይት ቀለምንም አስገቡ፤ እስከ 1820 ድረስም አብረው ቆዩ። ስለዚህ ዋናው አንቀጽ «ምን ይገባል?» የሚለው ነው።

«በውሃ የሚቀጠን ቀለም» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆነው አክሪሊክ ቀለምም በውሃ ይቀጥናል። እኔ «ማጣበቂያው የግራር ሙጫ የሆነ፣ ከደረቀ በኋላም በውሃ የሚላቀቅ» አልኩ። ጥርጣሬ ሲኖር ሠዓሊው ራሱ ጠርዙ ላይ በእርጥብ ጥጥ ይሞክረው። ወረቀት ውስጥ ዘልቀው የሚቀሩ ቀለሞች ስላሉ ግን ፈተናው ብቻውን አይፈርድም። ጉዋሽ (ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም የውሃ ቀለም) ይግባ አይግባ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በርክክብ ቀን የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው በእሱ ነው።

ሥራ ስትረከቡ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ገልብጡ። ወረቀቱ በአራቱም ጎን በፕላስተር ከተለጠፈ እርጥበት ሲያገኝ መዘርጊያ ስለሚያጣ ያብጣል፣ ይሸበሸባል። ተራ ፕላስተር ደግሞ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ሥዕሉ ያልፋል። ትክክለኛው፣ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማጠፊያና በስንዴ ስታርች ሙጫ ማንጠልጠል ነው። መስታወቱ ወረቀቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ጤዛ ሲይዝ ቀለሙ ይጣበቃል፣ ሻጋታም ይወጣል። በመሀላቸው መስኮት የተቆረጠለት አሲድ አልባ ካርቶን ይግባ። ወረቀቱ መቶ በመቶ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም ቢሆን እመርጣለሁ፤ ግዴታ ግን አላደረግኩትም።

ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፤ የቀን ብርሃን በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ባዶ ይቅር። በማመልከቻ ቅጹ ላይ ቀለሙ የተሠራበት ፒግመንት (ቀለም ሰጪው ዱቄት) እንዲጻፍ የሚጠይቅ መስመር ጨምሬያለሁ። እውነተኛ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ቀይ ቀለም በስሱ ሲቀባ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሥዕሉን የሚገዛ ሰው ይህን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት።