የአባባ ኮምፒውተር በአባባ ስም

ለፋሲካ ጎንደር ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነበር። የአባባ ነው። አባባ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጮው፣ ለማን ሐዘን ስንት ብር እንደወጣ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው። ኤክሴል የተማሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ግን አንድ ቁጥር አይስቱም።

የድሮው ኮምፒውተራቸው ምን እንደደረሰበት ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው። ያንን አዘጋጅቶ የሰጠን የገዛንበት ሱቅ ነበር። ኢሜይል ሲጠየቅ የሱቁ ልጅ የራሱን አስገባ። አባባ ኢሜይል የላቸውም፣ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ማንም ልብ አላለውም። ሁለት ዓመት በደህና ሠራ። ከዚያ ተበላሸና ማዘርቦርዱ ተቀየረ። ከጥገና መጥቶ ሲከፈት ግን ሰማያዊ ስክሪን ወጣ፤ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር አስገቡ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት፣ ማለትም በኢሜይል በሚገባበት፣ ሲዘጋጅ፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል። በየቀኑ ቁልፉን የሚከፍተው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ቺፕ ነው። ቦርዱ ሲቀየር ቺፑም አብሮ ይሄዳል። ያኔ የሚቀረው መክፈቻ ያ 48 አሃዝ ቁጥር ነው። እሱ ደግሞ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ በተዘጋጀበት አካውንት ውስጥ ነው፤ በእኛ ቤት በሱቁ ልጅ ኢሜይል ማለት ነው። ስንሄድ ሱቁ ተዘግቷል። ስልኩም አይሠራም።

የእህቴ የሰርግ ፎቶዎች በዚያው ቀሩ። የእድሩን መዝገብ አባባ ከደረሰኝ ጉርዶቹ ላይ እንደገና ጻፉት። ክረምቱን ሙሉ። ስደውል እማዬ «ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። አንጀቴን በላው።

ስለዚህ የአሁኑ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስን ከባዶ፣ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት፣ እኔው ራሴ ለመጫን ወሰንኩ። የመጫኛውን ፍላሽ አዲስ አበባ ሳለሁ አዘጋጀሁት፤ ከ5 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል በአባባ የሞባይል ፓኬጅ ማውረድ አይታሰብም። የተጠቀምኩት ሩፈስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ፍላሹን ሲሠራ የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታውን ላንሳው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ፕሮ የሚባለው ዓይነት ዊንዶውስ ያላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አላችሁ፤ «ለሥራ ወይም ለትምህርት» የሚለውን መርጣችሁ፣ ከመግቢያ አማራጮቹ ውስጥ «ዶሜይን ጆይን» የሚለውን ስትጫኑ በቀጥታ ስም ይጠይቃችኋል። ሺፍትና ኤፍ10 ተጭኖ ትእዛዝ መጻፍ የሚለውን ዘዴ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 በሙከራ ስሪቶቹ ላይ እንዲህ ያሉትን መንገዶች መዝጋት ጀምሯል፤ የቆየ መመሪያ ይዛችሁ እንዳትደክሙ።

ከቡና በኋላ ከአባባ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ኢንተርኔት አላገናኘሁም። ሰዓቱን ስናስተካክል አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ናይሮቢ የሚለውን መረጥን፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ማን ሊጠቀምበት ነው የሚል ጥያቄ መጣ።

«እኔ ነኛ!» አሉ አባባ።

መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው። ፕሮግራም የሚጭነው፣ የሌላውን ፓስወርድ የሚቀይረው እሱ ነው። ለዕለት ሥራ እሱን መጠቀም አይመከርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ቤት» አልነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይኖረው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን መጀመሪያ የጻፋችሁት ስም ዲስኩ ላይ የፎልደር ስም ሆኖ ይቀራል፣ በኋላ ማስቀየሩ አስቸጋሪ ነው። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ፎልደር ውስጥ ሲገቡ ይደናገራሉ። የሚታየውን ስም በኋላ ከኮንትሮል ፓነል መቀየር ይቻላል። ከዚህ ቀጥሎ ለአባባ የከፈትኩት አካውንትም እንዲህ ተቀይሮ አሁን በትልቁ «አባባ» ይላል።

ቀጥሎ ከሴቲንግ ውስጥ ለአባባ የራሳቸውን አካውንት ከፈትኩ፣ ተራ ተጠቃሚ አድርጌ። ኢሜይል ሲጠይቅ «የሰውየውን መግቢያ አላውቅም»፣ ከዚያ «ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር» የሚለውን መምረጥ ነው። ለእህቴ ልጅም እንዲሁ። ጌም ልጫን ሲል ብዙ ጊዜ የ«ቤት»ን ፓስወርድ ይጠየቃል፤ ያንን የሚያውቁት አባባ ናቸው።

ፓስወርድ ስታስገቡ ሦስት ጥያቄ ይመጣል። ሎካል አካውንት፣ ማለትም ያለ ኢሜይል እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የሚከፈተው፣ ፓስወርዱ ቢጠፋ በኢሜይል የሚመለስበት መንገድ የለውም፣ ዋናው መመለሻ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። እዚህ ላይ ረጅም ሰዓት ወሰድን። የተወለዱበት ከተማ ይላል። ጎንደርን ግን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዱ ከመጨረሻው ፊደል በፊት «ኤ» (a) ያደርጋል፣ አንዱ «ኢ» (e)። አንድ ፊደል ከተሳሳተ አይከፍትም። «የልጅነት ቅጽል ስምዎስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። እማዬ ከጓዳ ሆና ጮክ ብላ ተናገረችው፣ አባባም እንደ ልጅ አፈሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፊደል በፊደል እንዴት እንደጻፍነው ወረቀት ላይ አሰፈርን።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በሎካል አካውንት ስትገቡ ዲስኩ በራሱ አይቆለፍም። ሌባ ቢወስደው ዲስኩን ፈትቶ ያነበዋል። የእድር መዝገብ የሰው ስምና ገንዘብ ነው፤ እንዲሁ ክፍት ሊተው አይገባም። ይሄኛው ላፕቶፕ ፕሮ ስለሆነ በ«ቤት» ገብቼ ዲስክ የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቢትሎከርን፣ ራሴ አበራሁት። መክፈቻ ቁጥሩን የት ላስቀምጥ ሲለኝ ፍላሽ ላይ አልኩት። ያው 48 አሃዝ ነው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት ቦታ የተከፈለ።

ፕሪንተር የለንም። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የእድሩን እስክሪብቶ አነሱ። እኔ ስድስት ስድስቱን አነበብኩ፣ እሳቸው ጻፉ። ከዚያ እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ከስክሪኑ አስተያየሁ። አምስተኛው ላይ አንድ 7 እንደ 1 ስለመሰላቸው ሰርዘው በጉልህ ጻፉት። እማዬ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችና ሳጥኗን ከፈተች። የቤቱ ካርታና የክርስትና ወረቀቶቻችን ካሉበት ፌስታል ውስጥ ከታ መልሳ ቆለፈችው።