ይሄን ማን ያነቃንቀዋል?

የምሠራው ገላን አካባቢ ካሉት የብረታ ብረት መጋዘኖች በአንዱ ነው። ስቶር ኪፐር ነኝ። ዕቃ ቆጥሬ አስጭናለሁ፣ የመውጫ ወረቀት ላይ እፈርማለሁ፣ ዘበኛው ወረቀቱን አይቶ በሩን ይከፍታል። ሥራዬ ይቺው ናት።

ያን ቀን በአንድ አይሱዙ 60 ላሜራ ጫንን። ባለ 2 ሚሊሜትር፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው ነው። አንዱ ወደ 31 ኪሎ ስለሚመዝን ሁሉም ሲደመር 19 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ከጋቢናው በኩል 1 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተትቶ ነበር፣ ደንበኛው ቀለም ጨምሬ እወስዳለሁ ስላለ። ቀለሙ ሳይመጣ ቀረ፤ ክፍተቱ ግን ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ረዳቱ ማታ ማታ የሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ገመድ ይዞ መጣና «አናስረውም እንዴ?» አለ። ሾፌሩ ሳቀበት። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። «19 ኩንታል ብረት ነው እኮ፣ ይሄን ማን ያነቃንቀዋል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ገመዱን ጠቅልሎ ወንበር ሥር ከተተው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቃሊቲ ሲሄዱ ጋሪ ድንገት ገባባቸው፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ። ላሜራው አልቆመም። ከላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ እንደ ካርታ ተንሸራተው፣ የፊቱን ስፖንዳ ገልብጠው፣ የጋቢናውን ጀርባ ልክ በረዳቱ ወንበር በኩል አሰረጎዱት። ልጁ ወገቡ በልዞ ተረፈ። ትንሽ ቢጠነክር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ የተለመደው ጭቅጭቅ መጣ። ሾፌሩ ጋሪው ነው ይላል፣ አለቃችን ይሄ ሰው መሮጥ ይወዳል ይላል፣ ሾፌሩ ከ40 አላለፍኩም ብሎ ይምላል። እኔ ዝም። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነዋ።

በማግስቱ ልጁ አትምጣ ተብሎ ሳለ ወገቡን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ክብደት እኮ አይዝም» አለኝ። አልገባኝም። ከቁራጭ ክምር 1 ሜትር የሚሆን ላሜራ አነሳን። በላዩ መዳፍ የምታክል ቁራጭ አስቀመጠና አንዱን ጫፍ ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። በሜትር ለካን፤ ወደ 15 ሳንቲሜትር ሲደርስ ቁራጯ ሸርተት አለች። ቀጥሎ አምስት ቁራጭ ደራርቦ በሽቦ አሰረና ደገመው። እኔ ከባዱ ይቆያል ብዬ ነበር። ያው 15 አካባቢ ላይ ወረደ። ያጭበረብራል ብዬ ሦስቴ አስደገምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ ዕቃ ወለሉን አጥብቆ ስለሚጫን ሰበቃው፣ ማለት እንዳይንሸራተት የሚይዘው መፋተግ፣ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ እኔም ሾፌሩም አልተሳሳትንም። ግን የከበደ ነገር ለማቆምም በዚያው ልክ ያስቸግራል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ አንደኛ ሕግ ብሎ ያስቀመጠው አለ፤ የሚሄድ ነገር የሚያቆመው ኃይል እስኪያገኝ በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ነው። ላሜራውን የሚይዝለት ከሥሩ ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃው እጥፍ ይሆናል፣ ለማቆም የሚፈለገው ኃይልም እጥፍ ይሆናል፤ ተጣፉ። አንድ ላሜራም 60ውም በእኩል ፍሬን ያመልጣሉ። የኛ ላሜራ ደግሞ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው።

15 ሳንቲሜትሯ ቁጥርም አላት። ሰበቃው የክብደቱን 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው ማለት ነው። ጠንከር ያለ ፍሬን ግን የክብደቱን ግማሽ ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ ከ40 ተነስቶ በ12 ሜትር ለመቆም ይሄን ያህል ያስፈልጋል። ልጁ በደረሰኝ ጀርባ ላይ አሰላው። ላሜራው ያቺን የ1 ሜትር ክፍተት ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ጋቢናውን ሲመታ ፍጥነቱ ከመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ይበልጥ ነበር። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ነው፣ ሰውዬው ግን ወደ 4 ኩንታል ይመዝናል። ከስፖንዳው ጋር ተጠግቶ ቢጫን መንደርደሪያ አያገኝም ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ ላልመጣ ቀለም!

ስለ ገመድም ተሳስቼ ኖሯል። ዕቃውን ጎትቶ የሚይዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ግን ላሜራውን ወለሉ ላይ ይጫነዋል፤ ሰበቃው ይጨምራል፣ ዕቃው ግን አንድ ኪሎ እንኳ አልከበደም። በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደረጃ ላይ ጭነት ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ ኃይል መቋቋም አለበት ይላል። እኛ 15 ይዘን ነበር አስፋልት የወጣነው።

ካላማዳሪያም ሞከርን። ቀደን ከሥር አነጠፍነው፣ የቁራጩን ዘይት በጨርቅ ጠረግን፤ ያው ላሜራ 50 ሳንቲሜትር እስኪነሳ ድረስ ንቅንቅ የለም። አሁን ከጎሚስታው ያረጀውን በነፃ እንወስዳለን። በላሜራና በላሜራ መካከል ያለውን ዘይት ግን ካላማዳሪያ አይፈታውም፣ ስለዚህ ጥቅሉ መጀመሪያ ለብቻው ይታሰራል፣ ከዚያ ከመኪናው ጋር። ጫኞቹ ያጉረመርማሉ። የሚከፈላቸው በጭነት ነው፣ አይፈረድባቸውም።

ሾፌሩ ዛሬም ጋሪው ነው ይላል። የዚያን ቀን የመውጫ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አለ፤ «የጭነቱ ሁኔታ» በሚለው ፊት ለፊት፣ በእጄ ጽሑፍ፣ «ደህና» ይላል።