ስሙን ሰምታችሁ ከማታውቁት ድርጅት መኪና ስትከራዩ፦ ለሥራ ወደ ዴንቨር ለምትሄዱ

መሥሪያ ቤታችሁ ለሦስት ቀን ስብሰባ ዴንቨር ሊልካችሁ ነው እንበል። ዋጋ ማወዳደሪያውን ስትከፍቱ የምታውቋቸው ድርጅቶች በቀን 70 እና 80 ዶላር ሲሉ፣ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት አንዱ 31 ዶላር ብሎ ከላይ ተቀምጧል። ከእሱ መከራየት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ተከራይቶ በሰላም መልሷል። ግን በ31 ዶላሩና በመጨረሻው ደረሰኝ መካከል ያለው ርቀት የሚወሰነው ካውንተሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ደክሟችሁ፣ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ፣ ስብሰባው እየደረሰ ካውንተር ላይ የሚወሰን ነገር ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል።

መጀመሪያ ድርጅቱ የማን እንደሆነ እዩ። የአሜሪካ የመኪና ኪራይ ገበያ በአብዛኛው በሦስት ቤተሰብ ሥር ነው፦ ኢንተርፕራይዝ ናሽናልንና አላሞን ይዟል፤ ኤቪስና በጀት አንድ ናቸው፣ ፔይለስም የእነሱ ነው፤ ኸርትዝ ደግሞ ዶላርንና ትሪፍቲን በ2012 ጠቅልሏል። እንግዳ የመሰላችሁ ስም ከእነዚህ የአንዱ ርካሽ ክንፍ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱም ውጭ ከሆነ የማረጋገጫ ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የዴንቨሩ ቅርንጫፍ አድራሻ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ከሌለበት፣ የያዛችሁት መኪናው ያለው ድርጅት ጋ ሳይሆን ደላላ ጋ ሊሆን ይችላል። በደላላ በኩል አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ሲበላሽ ካውንተሩ ወደ ደላላው፣ ደላላው ወደ ካውንተሩ ይመራችኋል። ስለዚህ ከማይታወቅ ድርጅት ስትይዙ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ስትደርሱ የሚከፈለውን ምረጡ። የደንበኞች አስተያየት ስታነቡም የዚያኑ ቅርንጫፍ፣ የቅርብ ጊዜውን እዩ፤ ስለ ዲፖዚት፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጭረት የተጻፈ ቅሬታ ከተደጋገመ እለፉት። ስልክ ቁጥሩንም ከኢሜይሉ ውሰዱ እንጂ ጉግል ላይ አትፈልጉ፤ በኪራይ ድርጅት ስም ቁጥር አውጥተው በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚሉ አጭበርባሪዎች አሉ።

የዴንቨር ኤርፖርት እንደ አትላንታ ሁሉም አከራዮች የሚሰበሰቡበት አንድ ሕንፃ የለውም። ድርጅቶቹ ግቢያቸው ከተርሚናሉ ውጭ ነው፤ ታዋቂዎቹ ከ5ኛው ፎቅ በር ላይ በራሳቸው ሻትል (አመላላሽ አውቶቡስ) ይወስዷችኋል። ርካሾቹ ግን አንዳንዶቹ ተርሚናሉ ድረስ የሚመጣ ሻትል የላቸውም፤ የአንድ ሆቴል ሻትል ይዛችሁ ውረዱና ደውሉ፣ ወይም በታክሲ ኑ የሚሉ አሉ። ይህ የሚጻፈው በኢሜይሉ ታች በትንሽ ፊደል ነው። የዋጋቸው ዝቅ ማለት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ኤርፖርት ውስጥ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው 10 ከመቶ ገደማ ለኤርፖርቱ ይከፍላል። ከደንበኛው የሚሰበስበው ክፍያም እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ደረሰኝ ላይ 11.11 ከመቶ ሆኖ ይታያል። ከኤርፖርት ውጭ ያለው ይህን ሊያመልጥ ይችላል። እናንተ ግን ከአውሮፕላን እስከ መኪና ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙ፣ ስትመልሱም እንደዚያው። ማታ የሚደርስ በረራ ካላችሁ የመዝጊያ ሰዓቱን እዩና የበረራ ቁጥራችሁን ቦታ ስትይዙ አስገቡ፤ ያለዚያ በረራው ሲዘገይ አልመጡም ብለው ይሰርዙባችኋል።

የእኛ ሰው በተለይ የሚቸገርበት ስም ነው። ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ መንጃ ፈቃዱ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲወስድ፣ ባንኩ ካርዱ ላይ የራስና የአባትን ብቻ ያትማል። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ ትንሹ ጋ ግን ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ቁልፍ አይሰጥም፣ የተከፈለም አይመለስም። ቦታ ስትይዙ በመንጃ ፈቃዱ ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ባንካችሁንም ደውላችሁ ካርዱን በዚያው ስም እንዲያትም ጠይቁ። ካርዱ የተከራዩ ራሱ መሆን አለበት፤ አለቃችሁ በስልክ ካርድ ቁጥር ቢሰጥ አይሠራም። መንጃ ፈቃድ ሰጪው ዲኤምቪ ካርዱን በፖስታ እስኪልክ የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ተቀባይነት ላይኖረው ይችላል። መንጃ ፈቃዳችሁ ከሥራ ፈቃድ ወረቀት ጋር አብሮ የሚያልቅ ከሆነም፣ መኪናውን እስከምትመልሱበት ቀን የሚያደርስ መሆኑን አረጋግጡ።

ዴቢት ካርድ የያዘ ሰው አስቀድሞ ይደውል። ድርጅቱ ከኪራዩ በላይ ብዙ መቶ ዶላር ሊይዝ፣ የመመለሻ ቲኬት እንዲያሳይ ሊጠይቅና የክሬዲት ታሪኩን ሊያይ ይችላል። የተያዘው ብር መኪናው ከተመለሰ በኋላም አካውንት ላይ እስኪለቀቅ ቀናት ይወስዳል፤ በዚያው ሳምንት የቤት ኪራይ የሚወጣበት አካውንት ከሆነ ችግር ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኢንሹራንሱ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ካውንተር ላይ ግን አንድ ላይ ተደባልቀው ነው የሚቀርቡት። አንዱ የተከራያችሁት መኪና ሲጎዳ ወይም ሲሰረቅ የሚሸፍነው ነው፤ ሲዲደብልዩ ወይም ኤልዲደብልዩ ይሉታል። ሌላው ላያቢሊቲ ነው፦ ሰው ብትገጩ፣ የሰው መኪና ብታበላሹ የሚከፍለው። በ2005 የወጣ የፌዴራል ሕግ አከራዩን የመኪናው ባለቤት በመሆኑ ብቻ ለአደጋው ተጠያቂ እንዳይሆን ስላደረገ፣ ላያቢሊቲው ቀጥታ እናንተ ላይ ይወድቃል። የኮሎራዶ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 25,000፣ ለአንድ አደጋ 50,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። ከባድ አደጋ ከደረሰ ይህ ብዙ አይደለም።

ክሬዲት ካርዳችሁ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ላያቢሊቲን አይነካም። ያውም ሙሉ ኪራዩን በካርዱ ከከፈላችሁና የድርጅቱን ሲዲደብልዩ እምቢ ካላችሁ ነው። አብዛኛው ካርድ የራሳችሁ ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው የሚሞላው፤ እንደ ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ያሉት ግን ቀድመው ይከፍላሉ። የቼዝ ኢንክ ቢዝነስ ፕሪፈርድም ቀድሞ ይከፍላል፣ ኪራዩ ለሥራ ከሆነ። እንደ ቱሮ ካለ የግለሰብ መኪና ከሚያከራይ መተግበሪያ ከወሰዳችሁ ግን አብዛኛው ካርድ አያውቃችሁም።

የሥራ ጉዞን ከሽርሽር የሚለየው ደግሞ ይህ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ከአንድ ትልቅ አከራይ ጋር ውል አለው፤ በውሉ ኮድ ሲያዝ የመኪናው ጉዳትና ላያቢሊቲው ዋጋው ውስጥ ሊካተት፣ የሥራ ባልደረባም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊነዳ ይችላል። ከማይታወቀው ድርጅት ስትከራዩ ያ ሁሉ ይቀራል። 31 ዶላሩን ከ75 ዶላሩ ጋር ስታወዳድሩ ይህን አብራችሁ አስሉ፤ ካውንተር ላይ ሲዲደብልዩ ብዙ ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው፣ ላያቢሊቲው ለብቻው ሌላ ከ10 ዶላር በላይ ነው። ለጉዞ ክፍሉ ሁለት ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ ከውል ውጭ የተከራየሁት መኪና በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ይሸፈናል ወይ? ካልተሸፈነስ ካውንተር ላይ የምገዛው ይተካልኛል ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ፣ ስለዚህም የራሳችሁ ኢንሹራንስ ከሌላችሁ፣ ላያቢሊቲውን ሳትገዙ አትውጡ።

አንዳንድ ትንንሽ ድርጅቶች ጋ የተለመደው ችግር እንዲህ ነው፦ “ኢንሹራንስ አለኝ” ስትሉ “እንደውልና እናረጋግጥ” ይላሉ፣ እሑድ ማታ ስለሆነ ኢንሹራንሱ ስልክ አያነሳም፣ ስለዚህ የእኛን ግዙ ይባላል። መድኃኒቱ ዲክላሬሽን ፔጅ የሚባለውን ወረቀት በፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ መያዝ ነው፤ ኮሊዥን (የግጭት) እና ኮምፕሪሄንሲቭ (የስርቆትና የመሳሰለው ጉዳት) ሽፋን መኖሩን፣ ቀኑንና የሽፋኑን መጠን ያሳያል። ኪስ ውስጥ ያለችው የኢንሹራንስ ካርድ ይህን ስለማታሳይ አትበቃም። ከዚያ በላይ ሽፋኑ ለኪራይ መኪናም እንደሚሠራ የሚል አጭር ደብዳቤ ከኢንሹራንሳችሁ አስልኩ። ሁለተኛ መከላከያ፣ ከአንድ ታዋቂ ድርጅት ስትደርሱ የሚከፈል፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሌላ ቦታ ለዚያው ሰዓት ያዙ። አማራጭ ያለው ሰው ካውንተር ላይ “አይ፣ አመሰግናለሁ” ማለት ይችላል። መጀመሪያው መኪና እጃችሁ ሲገባ ሁለተኛውን እዚያው ቆማችሁ ሰርዙት።

ታብሌቱ ላይ ፈርሙ ሲሏችሁ ወደ ላይ መልሳችሁ አንብቡ። ቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው ሳጥኖች አሉ፦ የመንገድ ላይ እርዳታ፣ ቅድሚያ የተከፈለ ቤንዚን፣ የቶል (የመንገድ ክፍያ) ፓኬጅ፣ ደረጃው ከፍ ያለ መኪና። ጠቅላላ ድምሩን በቁጥር አሳዩኝ በሉ። ባልደረባችሁ የሚነዳ ከሆነ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ፤ ስሙ የሌለ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ የገዛችሁት ሽፋን ሁሉ ሊፈርስ ይችላል።

ቶል ዴንቨር ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከኤርፖርቱ ወደ ደቡብ የሚወስደው ኢ-470 የገንዘብ መቀበያ የለውም፣ ካሜራ ታርጋ ያነሳል። ሂሳቡ ለአከራዩ ይሄዳል፣ አከራዩ የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ካርዳችሁን ይመታል፤ አንዳንዱ ቶል ላልነካችሁባቸው ቀናትም ጭምር በቀን ያስከፍላል። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ይዛችሁ የምትሄዱት የቶል መክፈያ መሣሪያ፣ ኢዚፓስ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አይሠራም። ስብሰባው ዴንቨር ቴክ ሴንተር ከሆነ ከፔኛ ቡልቫርድ ወደ አይ-70፣ ከዚያ ወደ አይ-225፣ ከዚያ አይ-25፤ አንድም ቶል የለበትም፣ ኦሮራ ላይ ለሀበሻ ምሳ ጎራ ለማለትም የሚመቸው ይኸው ነው። የስልካችሁን ካርታ “ቶል አስወግድ” ላይ አድርጉት፣ አይ-70 እና አይ-25 ላይ በስተግራ ያለውን ኤክስፕረስ ሌን (የሚያስከፍለውን መስመር) አትግቡበት።

መኪናውን ስትረከቡ አሥር ደቂቃ ስጡት። ዴንቨር በበረዶ ድንጋይ የሚመታ ከተማ ነው፣ ጉዳቱም ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ስታዩ አይታይም። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን በኮፈኑ ትይዩ አድርጉና ብርሃኑ ላይ ላዩን ሲንሸራተት እዩ፤ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ትናንሽ ስርጉዶች ያኔ ይወጣሉ። ጣሪያውንም እንደዚያው፤ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቅረጹት። መኪናው እርጥብ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ጭረት ስለሚሸፍን በጨርቅ ጥረጉ ወይም ብርሃን ያለበት ቦታ አውጡልኝ በሉ። ከዚያ አራቱን ቸርኬዎች፣ የባምፐሮቹን የታችኛ ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን፣ ስኮርታው መኖሩን፣ የማይል ቆጣሪውንና የቤንዚን መጠኑን በአንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ያዙ፤ ታርጋውና የድርጅቱ ግቢ ይታይበት። ያገኛችሁትን ሁሉ ሠራተኛው ውሉ ላይ ይጻፍ፤ “ትንሽ ነው፣ አንቆጥረውም” ቢላችሁም ይጻፍ፣ ስትመልሱ የሚቀበላችሁ እሱ ላይሆን ይችላልና። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 አይ-70ን ይዛችሁ ወደ ተራራው የምትወጡ ከሆነ ጎማውንም እዩ፤ ሕጉ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊሜትር ገደማ ጥርስ ያለውና ለጭቃና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ይጠይቃል፣ የሚቀጣውም ሹፌሩን ነው።

ቤንዚን ሞልታችሁ መልሱ፣ ታወር ሮድ አካባቢ ማደያ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ “ሬጉላር” የሚባለው ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ የመኪናው መመሪያ 87 ካለ መካከለኛውን ቅዱ። ከመመለሳችሁ በፊት ስልካችሁን ከመኪናው ብሉቱዝ አጥፉት፣ የገቡ ቁጥሮችና አድራሻዎች እዚያው ይቀራሉ። ቪዲዮውን እንደገና አንሱ፣ ሠራተኛ አይቶ የተዘጋ ደረሰኝ ይስጣችሁ። ለመሥሪያ ቤቱ የምታቀርቡት ይህን ነው፣ ስትወስዱ የፈረማችሁት ውል ደረሰኝ አይደለም። ቢሮው ተዘግቶ ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ከጣላችሁ፣ ጠዋት ከፍተው እስኪረከቡት ድረስ ለሚደርስበት ነገር ተጠያቂ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የቆመበትን ቦታ በሰዓቱ ቅረጹ። አንድ ቀን ማራዘም ከፈለጋችሁ በስልክ ብቻ አትተውት፣ በኢሜይል ማረጋገጫ ያዙ፤ ያልተመለሰ መኪና ለፖሊስ ተሰረቀ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ከሳምንታት በኋላ “ጉዳት አግኝተናል” የሚል ደብዳቤ ከመጣ ወዲያው አትክፈሉ፣ ዝምም አትበሉ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቀንና ሰዓት ያለበት ፎቶ፣ የጥገናው ደረሰኝ፣ መኪናው ተጠግኖ እስኪወጣ ያጡትን ኪራይ ከጠየቁ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ተይዘው እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ። የክሬዲት ካርድ ኢንሹራንስም አከራዩ ያጣውን ኪራይ የሚተካው ያ መዝገብ ሲቀርብ ነው። ማመልከቻው ጊዜ ገደብ ስላለው ደብዳቤው በደረሰ ቀን ለካርዱ ድርጅት ደውላችሁ ፋይል አስከፍቱ፣ ሁለቱን ቪዲዮዎችም አብራችሁ ላኩ።