የሸረሪቷ ነጭ ጥልፍ

ጅማ ጓሮው ቡና ያለው ሰው ሁሉ ሳያያት አይቀርም። ክረምቱ ወጥቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ በሁለት ቡና መሃል ክብ ድር ዘርግታ ጭንቅላቷን ቁልቁል አድርጋ የምትውለውን ቢጫና ብርማ ሸረሪት ማለቴ ነው። ስምንቱን እግሮቿን ሁለት ሁለቱን ስለምትገጥማቸው ከሩቅ አራት እግር ብቻ ያላት ትመስላለች። ከእግሮቿ ጫፍ ደግሞ ወፍራም ነጭ ክር፣ ልክ እንደ ቀሚስ ጥልፍ እየተጠማዘዘ፣ በአራት አቅጣጫ ይወርዳል።

እናቴ ዘንድ ቡና ሊለቅሙ የመጡ አንዲት እትዬ ቆም ብለው አዩና «ምን ያደርግላታል ብላ ነው እንዲህ የምትደክመው?» አሉኝ። ተመራማሪዎችም ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ድሩን ያጠነክራል ተብሎ ነበር። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ነጩ ክር ላላ ብሎ የተለጠፈ እንጂ ድሩን የሚወጥር አይደለም። ፌንጣ ሲገባላት በኋላ እግሮቿ እያሽከረከረች የምትገንዝበትም ይኸው ዓይነት ሐር ነው፤ የሚወጣውም ከአንድ ዓይነት ዕጢ ነው።

ሌሎች ደግሞ ክሩ የእኛ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ነፍሳትን ይስባል ይላሉ። የሚደግፋቸው ጥናት አለ። እኔን ያሳመነኝ ግን የወፎቹ ነገር ነው፤ ወፎች ጥልፉን አይተው ድሩን ሳይበጥሱ ዞር ይላሉ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶማስ አይስነርና ስቲቨን ኖዊኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥልፍ በሌላቸው ድሮች ላይ ሰው ሠራሽ ምልክት አድርገው ሲጠብቁ፣ ምልክት ያለባቸው ወፍ የሚበዛበትን ማለዳ አለፉ፤ ባዶዎቹ ግን አብዛኞቹ ተበጣጠሱ። በ1999 ቶድ ብላክሌጅና ጆን ዌንዝል ያገኙት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ጥልፍ ያለው ድር የሚይዘው ነፍሳት ያነሰ ነው፣ ወፍ የሚያደርስበት ጉዳትም እንዲሁ። ይቺ ፍጥረት ከምሳዋ ቀንሳ ቤቷን ትጠብቃለች ማለት ነው!

ደግሞም ይህን ጥልፍ የሚሠሩት ቀን ድራቸው ላይ የሚውሉት ናቸው። ማታ ዘርግተው ንጋት ላይ የሚሰበስቡት፣ ቀን የሚበር ወፍ ስለማያገኛቸው፣ አይሠሩም። ለኔ ከሁሉም ክርክር ይኸኛው ይመዝናል፤ ክርክሩ ግን ገና አልተዘጋም፣ መልሱም ከዝርያ ዝርያ ሊለያይ ይችላል።

ስለዚህ ቡና ስትለቅሙ ዞር ብላችሁ እለፏት፤ ቡናውን አትነካባችሁም። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ትንንሾቹን ሸረሪቶች አሳዩዋቸው። ብዙዎቹ መስቀለኛውን ገና አልጀመሩም፤ ድሩ መሃል ላይ ክብ ነጭ ምንጣፍ ሠርተው እሱ ላይ ነው የሚቀመጡት።