ክሬም ወይስ ቤዥ?

"ሁለቱም አንድ ናቸው እኮ!" አለ ባለቤቴ።

ቀለም ቀቢያችን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ክንድ ክንድ የሚያክል ሁለት ቦታ ቀብተውልናል። ግራው ክሬም፣ ቀኙ ቤዥ። እውነት ለመናገር እኔም ልዩነቱ አልታየኝም። ሱቅ ውስጥ የቀለም ናሙና ካርዱ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር።

"አትቸኩሉ፣ ይድረቅ" አሉ ጋሼ ብሩሻቸውን እያጠቡ። "እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው። ሲደርቅ ጠቆር ይላል።"

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከነፒጃማዬ ሄጄ አየሁት። ክሬሙ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ እማዬ ብታየው "የቅቤ" ነበር የምትለው። ቤዡ ቁርጥ የሽሮ ዱቄት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ክሬሙን ነጭ ነው ብሎ የሚምልልኝ ሰው አላጣም።

ጉዱ የመጣው ማታ ነው። ነጩን የኤልኢዲ አምፖል ስናበራ ቤዡ አመድ ለበሰ። ሞቅ ይላል ተብሎ የተመረጠ ቀለም እኮ ነው! ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ወንበር ላይ ወጣና የመኝታ ቤቱን ቢጫ አምፖል ፈትቶ አምጥቶ ቀየረው። ሽሮው ተመለሰ። ቆመን ሳቅን።

ለካ እኔ ቀለሙን ቆርቆሮው ውስጥ ብቻ ነበር የምፈልገው። ግማሹ ያለው መስኮቱና አምፖሉ ጋ ነው። ሱቅ መብራት ስር መርጠው ቤት ሲደርሱ "ያዘዝኩት ይሄን አይደለም" ብለው ከቀቢ ጋር የሚጣሉ ሰዎች አሁን ገቡኝ።

ቤዡን መረጥን። ክሬሙ ላይ የልጄ አምስት ጣት ከነወጡ ታትሞበታል።